የድልድይ ሥር ጎፈሬዎች

«ኧረ ይኼን አውሬ አንሡልኝ! ቁርኣን ሊቀራበት ነው እኮ ቤቱ!»

ረሂማ ለሴቶቹ ተጨማሪ ፍራሽ ልታነጥፍ ሣጥኑን ከግድግዳው ሳብ ስታደርግ ነው መጽሐፎቹ የተደረመሱት። ከሁሉም በላይ የነበረው ሽፋኑን ወደ ሰው አዙሮ መሬት ላይ ወደቀ። ጸጉሩ እንደ ቁጥቋጦ የቆመ፣ ጭራው ከእግሩ የረዘመ፣ አፍንጫው ድንች የሚያህል ፍጡር የዝናብ ካፖርት ለብሶ ይስቃል።

«አውሬ አይደለም፤ ጎፈሬ ነው» አለች ሂንድ።

እናቷ አዚዛ ትናንት ከተቀበረች ወዲህ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይኼ ነበር።

ረሂማ ጎንበስ ብላ ሽፋኑን አየችው። ከአዚዛ ጋር በአንድ አጥር ለብዙ ዓመት የኖረች ጎረቤት ናት። «በነቢ! እነዚህ ናቸው እንዴ የእኔን ልጆች እዚህ ቤት ሰብስበው እራት ያስረሱብኝ? እኔ እኮ አዚዛ ከሆዷ እየፈጠረች የምታወራ ነበር የሚመስለኝ። መልክ አላቸው ለካ!»

ሳቀች። ለቅሶ ቤት መሆኗ ትዝ ሲላት አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ከሻርፑ ሥር ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲዞር ግን ትከሻዋን መደበቅ አልቻለችም።

ውጭ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ድንኳኑን አርሶታል። ቅሬ፣ የቀብር ዕድር፣ ያለው ሰው ቤት ሞት ብቻውን አይገባም፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ሻይ የሚያፈላ ሰው አስከትሎ ይገባል። ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ሂንድ መጽሐፎቹን አንድ በአንድ ለቀመችና አቧራቸውን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገች። ስድስት ናቸው። ስድስተኛውን ሳትገልጠው ከሥር አደረገችው።

አዚዛ ወጣት ሳለች፣ አንዲት ኖርዌያዊት ከደሴ ፒያሳ ዝቅ ብሎ በከፈተችው መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ነበረች። ሴትዮዋን አገሩ ሁሉ ሲስተር ይላታል። ሲስተር ከአገሯ ይዛ ከመጣቻቸው ዕቃዎች አብልጣ የምትሳሳው ለነዚህ መጻሕፍት ነበር፤ እኛ ዘንድ እነዚህን ሳይወድ ያደገ ልጅ የለም ትል ነበር። ከሰዓት በኋላ ሕፃናቱን ምንጣፍ ላይ ሰብስባ፣ ሥዕሉን እያሳየች፣ በተሰባበረ አማርኛ ትተርክላቸዋለች። ጠቅልላ አገሯ ስትገባ ስድስቱንም ለአዚዛ ትታላት ሄደች። አዚዛ አማርኛም ታነባለች፣ ቁርኣንም ትቀራለች፤ የመጻሕፍቱን ቋንቋ ግን አትችልም። ስለዚህ ሂንድና ታናሽ ወንድሟ ሰፍዋን እየሰሙ ያደጉት ተረት ግማሹ የሲስተር፣ ግማሹ የሥዕሎቹ፣ የተረፈው ደግሞ የአዚዛ የራሷ ነበር።

በአዚዛ አፍ የኖርዌይ ጫካ ደሴ ገባ። ጎፈሬዎቹ ቦርከና ወንዝ ላይ ካለው ድልድይ ሥር ይኖራሉ። ከላይ የሚያልፈው ሰው የነሱን ጫጫታ ሲሰማ የውኃ ድምፅ ይመስለዋል። በክረምት ጭራቸውን አገልድመው ይተኛሉ፤ ፀሐይ ሲወጣ እርስ በርስ ቅማል ይለቃቀማሉ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሕግ አላቸው። በሩን ያንኳኳ እንግዳ በልቶ እስኪጠግብ ድረስ ስሙን አይጠይቁትም። አምስተኛው መጽሐፍ ላይ የቤቱ ትንሽ፣ አናቱ ላይ አንዲት ጉትዬ ያለችው ቁንጮ፣ ውኃው የት እንደሚሄድ ካላየሁ ብሎ የልብስ ማጠቢያውን ገንዳ ጀልባ አድርጎ ይነሣል። ስድስተኛው መጽሐፍ ስለ መጠበቅ ነው።

ሻይ እየዞረ ሳለ ባጃጅ ነጂው ሚስባህ ሁለት ጀሪካን ውኃ አንጠልጥሎ ገባ። ጀሪካኑን አስቀምጦ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አላህ ያጽናሽ ሂንድ» አላት። ሊወጣ ሲል ዓይኑ መጽሐፎቹ ላይ አረፈ።

«አሉ እንዴ እስካሁን? ወላሂ እነዚህ ሰዎች እኔን ሊገድሉኝ ነበር።»

«ሰዎች ትላቸዋለህ?» አለች ረሂማ።

«ታዲያ ምን ልበላቸው እትዬ ረሂማ? አብረን ነው ያደግነው።» ሴቶቹ ፈገግ ሲሉ ደፈር አለ። «አንድ ክረምት ዳቦ ሰርቀን ልናበላቸው ድልድዩ ሥር ወረድን። ውኃው ደግሞ ያን ቀን ሞልቷል። ጫማዬን ወሰደው። ሱሪዬን እንኳ የያዝኩት በስንት መከራ። እየተንቀጠቀጥን ስንመጣ እሜቴ አዚዛ ኩርኩም አቀመሰችን። ከዚያ ፎጣ ስታለብሰን ቀስ ብላ ምን ብትለን ጥሩ ነው? ‹ዳቦውንስ በሉት?›»

«ምን አላችኋት?»

«እኔማ ምን ዳቦ አየሁ! ሰፍዋን ነው ‹ቁንጮ ብቻ በላ፤ ሌሎቹ ተኝተዋል› ያላት።»

ስሙ ሲጠራ ሴቶቹ ዓይናቸውን ወደ ሂንድ መለሱ። ሚስባህ አንገቱን ደፍቶ፣ ያላስፈለገውን ጀሪካን ከቦታው አንሥቶ እዚያው መልሶ አስቀመጠና ወጣ።

ሰፍዋን በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው የሄደው። የእናቱ ወንድም ዓብደላ ፒያሳ ካለው የጨርቅ ሱቁ ሊያስገባው ቢለምነው፣ «ቅድመ አያታችን ከየመን በጀልባ መጥቶ ሱቅ ከፈተ፤ እኔ ደግሞ በመጣበት ልመለስና ልየው» እያለ ይቀልድ ነበር። ቀልድ መስሏቸው ቆየ። በአፋር በረሃ አድርጎ ጅቡቲ ጠረፍ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የደወለው እሱ ሳይሆን አብሮት የተሳፈረ ልጅ ነው። ጀልባዋ ተገልብጣለች። ልጁ ያየው ውኃ ብቻ ነው።

አዚዛ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ቅሬው ድንኳን ሊተክል ሲመጣ ከበሩ መለሰችው። «ሬሳ ሳይታይ ምን ዓይነት ለቅሶ ነው?» አለች። ያኔ ሂንድ ዩኒቨርሲቲ ነበረች። ትምህርቷን ጥላ መጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ እህል አልቀምስ አለች። እንዲህ ስትሰነብት አንድ ቀን እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስድስተኛውን መጽሐፍ ገለጠች። የመጨረሻው ሥዕል ላይ ሰፊ ውኃ አለ። በውኃው መሐል ገንዳ፣ በገንዳው ውስጥ ቁንጮ። በዳር በኩል እናቱ ፋኖስ ይዛ ቆማለች። የቁንጮ ጸጉር ከፊትም ከኋላም አንድ ስለሆነ ይሂድ ይምጣ አይታወቅም።

«ይኸው እየመጣ ነው» አለች አዚዛ። «ነፋሱ ነው ያዘገየው።»

ሂንድ ያን ቀን አንድ ጉርሻ ዋጠች።

ተመርቃ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ከያዘች በኋላ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ በመጣች ቁጥር የእናቷን ጉልበት ተደግፋ «ቁንጮ የት ደረሰ?» ትላታለች። አዚዛም መልስ አጥታ አታውቅም። አንዴ ገንዳው ተሰንጥቆ እየጠገነ ነው፤ አንዴ ዓሣ አጥማጆች አስጠግተውት ሾርባ እያጠጡት ነው፤ አንዴ ደሴት ላይ ወርዶ በግ ይጠብቃል፣ ደመወዝ አልከፈሉትም። እየተሳሳቁ ያወራሉ።

ሂንድ ግን አንድ ምሥጢር ነበራት። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቷ ሱቅ ወጣ ስትል ስልኳን አውጥታ ከመጨረሻው ገጽ ጽሑፍ በላይ ያዘችው። ስልኩ የባዕዱን ፊደል ለቅሞ ወደ አማርኛ መለሰው። «ትንሹ አልተመለሰም። እናት መብራቱን አጠፋች። አልጋውን ለእንግዳ አነጠፈች።» ስልኩን አጥፍታ መጽሐፉን ቦታው መለሰች። እናቷ ስትመለስ እንደ ወትሮዋ ጠየቀቻት፤ እናቷም እንደ ወትሮዋ መለሰችላት። ሂንድ ከዚያ ወዲህ የምትጠይቀው ለእናቷ ብላ ነበር። ጠያቂ ካጣች ተስፋዋ የሚሞት መሰላት።

የሁለተኛው ቀን ወደ ማምሻው ላይ አጎቷ ዓብደላ ከጓሮ ጠራት። ለመግሪብ ውዱእ አድርጎ ፊቱ እንደራሰ ነው። ከትናንት ወዲህ ጀርባው ጎብጧል።

«ነይ እስቲ ልጄ። ነገ ሼኹ ይመጣሉ። ሰደቃው ከተበላ በኋላ ዱዓ ይደረጋል፤ የሙታኖቻችን ስም ይነሣል። የአባትሽ ይነሣል። የእናት አባቴ ይነሣል። ከየመን የመጣው ሰውዬ እንኳ ሳይቀር ይነሣል።» መቁጠሪያ ሙስበሃውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «የሰፍዋንስ?»

«እማ እሺ ብላ አታውቅም አጎቴ።»

«አስምላኝ ነበር። ‹እኔ ቆሜ ስሙን ከሙታን ጋር እንዳትጠራ› ብላ ቁርኣን አስያዘችኝ። አሁን እሷ የለችም፤ መሐላዬ አለቀ። ቀሪዋ የቅርብ ሰው አንቺ ነሽ።»

«እሷ እየጠበቀችው ነው የሞተችው። የእርሷ አፈር ሳይደርቅ እኔ ልግደለው?»

«ኧረ አብሽሪ፣ ማን ይገድለዋል? ገዳዩም አዳኙም አላህ ነው።» የራሰ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «እኔ ብዙ ሰው ቀብሬያለሁ ሂንድ። ወንድሞቼን፣ እናቴን፣ ትናንት ደግሞ እህቴን። ሁሉንም የት እንዳስቀመጥኩ አውቃለሁ። እሱን ብቻ የት እንዳደረግኩት አላውቅም። ሱቅ ቁጭ ብዬ ጨርቅ እየለካሁ ትዝ ሲለኝ፣ ‹አላህ ይዘንለት› ልበል ወይስ ‹አላህ ይመልሰው› ልበል ግራ ይገባኛል። ዱዓዬ መሐል መንገድ ላይ ይቀራል።»

ሂንድ የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

«ይጠራ ካልሽኝ ይጠራል። ካላልሽ እስክሞት አልጠራም። ወላሂ አልቀየምሽም» ብሎ ወደ ድንኳኑ ሄደ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አልጣሽ ከኩታበር ደረሰች። መርዶውን ዘግይታ ነው የሰማችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከበሩ ጀምራ «አዚዛዬ! ሳትነግሪኝ?» እያለች ስትገባ፣ ሲጠራቀም የቆየው የሴቶቹ እንባ ሁሉ ፈሰሰ። ከድንኳኑ አንድ ሽማግሌ «ሰብር አድርጉ እናቶች» እስኪሉ ድረስ ማንም ማንንም ማስቆም አልቻለም። አልጣሽ ከአዚዛ ጋር በሲስተር ቤት አብራ ሞግዚት የነበረች፣ ከዚያም እህት ሆና የቀረች ሴት ናት።

ረሂማ ሻይ አቀረበችላትና «ለእናንተ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ የተሠራ ሽሮ አለ፤ ድስቱን እንዳትስቺው» ብላት ወደ ጓዳ ገባች። አልጣሽ ዓይኗን ጠርጋ ስታበቃ ነው ከሂንድ ራስጌ የተደረደሩትን መጻሕፍት ያየቻቸው።

«ውይ፣ የሲስተር ጉዶች!» አንዱን አንሥታ ሽፋኑን ዳበሰችው። «በአማርኛዋ የሳቅነው ሳቅ። ስድስተኛውን ስታነብልን ግን ያለቀስነው ልቅሶ! እኔና እናትሽ ከሕፃናቱ ብሰን።»

ሂንድ ቀና አለች። «ለምን አለቀሳችሁ?»

«ያ ትንሹ ነዋ! ጉትዬ ያለው። ወጥቶ ቀረ አይደል? እናትየዋ ስትጠብቅ ስትጠብቅ ኖራ፣ በመጨረሻ ፋኖሷን እፍ ብላ ገብታ አልጋውን ለመንገደኛ አነጠፈችለት። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ ይነበባል? ብዬ ሲስተርን ተቆጣኋት።»

«እማም ሰምታለች?»

«አጠገቤ እንጂ! መሐረቤን ቀምታኝ ነው ያለቀሰችው።»

ሂንድ ድምፅዋ እንዳይሰማ ወደ አልጣሽ ጆሮ ጠጋ አለች። «ለእኔ ግን ሁልጊዜ እየመጣ ነው ነበር የምትለኝ እትዬ አልጣሽ።»

አልጣሽ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። የሂንድን እጅ አንሥታ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ላንቺ ብላ ነው ልጄ። ‹ሂንድዬ ትጠይቀኛለች፤ ምን ልበላት? ከኮምቦልቻ ድረስ ለዚያ ነው የምትመጣው። አይመጣም ብላት እንደ ያኔው እህል ትተዋለች› ትለኝ ነበር። ወንድሟን ዓብደላንም ያስማለችው አንቺ እንዳትሰሚ ነው። ‹አንቺስ? የአንቺ ልብ ምን ይላል?› ስላት፣ ‹የእኔ ልብማ ስልኩ የተደወለ ዕለት ነግሮኛል› አለችኝ።»

«ታዲያ አንዴ እንኳ አላለቀሰችለትም?»

«አላለቀሰችም? እኔ ቤት አይደል እንዴ! ‹ኩታበር ለቅሶ ደርሼ ልምጣ› ስትልሽ የማን ለቅሶ መስሎሻል?»

ሂንድ ትዝ አላት። እናቷ ጥቁር ሻርፗን ደርባ፣ ዳቦ በፌስታል ይዛ የኩታበርን ሚኒባስ ለመያዝ ስትቸኩል «እማ፣ ኩታበር ሰው አያልቅም እንዴ?» ትላት ነበር። አዚዛም ከበሩ ዞር ብላ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ አልጣሽ ዘመዷ ብዙ ነው» ትላታለች።

«ፍራሽ አነጥፍላታለሁ» አለች አልጣሽ። «መጥታ ትቀመጣለች፤ እኔም እቀመጣለሁ። ጎረቤቶቼ ሰው ተቀምጦ ሲያዩ ገብተው አብረው ይቀመጣሉ። ንፍሮም ያመጡላት ነበር። የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። አልቅሳ ሲወጣላት ፊቷን ታጥባ፣ ‹በይ ልሂድ፤ ሂንድ ትመጣለች፣ ፊቴን እንዳታይብኝ› ብላ ትነሣለች።»

ሂንድ ስድስተኛውን መጽሐፍ ከድርድሩ ሥር ሳበችው። ከዚያ በሹክሹክታ «እኔም አውቅ ነበር» አለች። «በስልኬ አስነብቤው ነበር። መጨረሻውን ካወቅኩ ቆይቻለሁ። የምጠይቃት እሷ እንዳትጎዳ ብዬ ነው።»

አልጣሽ ለአፍታ አየቻት። ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ጣለች።

«ወይ ጉድ! ታዲያ ሲጠብቀው የነበረው ማን ነው?»

ሂንድ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ ወጣት። ራሷን አልጣሽ ትከሻ ላይ ጣለች። ስንት ዓመት ሙሉ እናትና ልጅ በአንድ ሥዕል ላይ ጎንበስ ብለው፣ አንዷ ለሌላዋ ገንዳውን ሲገፉ ኖረዋል። እሷ ኮምቦልቻ በተከራየችው ክፍል ውስጥ ትራሷን ነክሳ፣ እናቷ ኩታበር በሰው ፍራሽ ላይ። አንዲት ቀን እንኳ አብረው አላለቀሱለትም። ያንን ማንም አይመልሰውም።

የሰደቃው ምግብ ተበልቶ፣ እጅ ተጥቦ፣ ሼኹ ዱዓቸውን ጀመሩ። በወንዶቹና በሴቶቹ መካከል መጋረጃ ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛው ቀን ስለሆነ ሰው ሊበተን ነው። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው እየተነሡ፣ በሩ ላይ ቆመው ጫማቸውን እያጠለቁ መዳፋቸውን ለዱዓው ዘርግተዋል።

«አዚዛን አላህ ይዘንላት።»

«አሚን።»

«ባለቤቷን ሀምዲንን አላህ ይዘንለት።»

«አሚን።»

ስሞቹ እንደ ሙስበሃ ጨሌ ተራ በተራ አለፉ። የቅድመ አያትየው ስም ደረሰ፤ እሱም አለፈ። ሼኹ መዳፋቸውን ወደ ፊታቸው ሊያነሡ ሲሉ ቆም አሉ።

«ሌላ የሚነሣ አለ?»

ሂንድ አጎቷን ባታየውም ጸጥታው ውስጥ የሱን ትንፋሽ የለየች መሰላት። እሷ አንድ ቃል ካላለች ዱዓው ይዘጋል፤ ሰውም ወደየቤቱ ይሄዳል፤ ሰፍዋንም እንደ ነበረው ይቀጥላል። ተነሥታ እስከ መጋረጃው ሄደች።

«ሼኽ» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ስለወጣ ደገመችው። «ሼኽ፣ ወንድሜ አለ። ሰፍዋን ሀምዲን። ባሕር ላይ ነው የሞተው።»

ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ትልቅ ሰው እንደ ልጅ ሲንሰቀሰቅ ተሰማ። ዓብደላ ነበር።

«ሰፍዋንን አላህ ይዘንለት» አሉ ሼኹ ቀስ ብለው። «ውኃውን ቀብሩ ያድርግለት፤ ማረፊያውን ያስፋለት።»

«አሚን» አለች ሂንድ። መዳፎቿን ፊቷ ላይ አሳረፈቻቸውና ቶሎ አላነሣቻቸውም።

መዳፎቿን ስታነሣ በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች እርስ በርስ ይተያዩ ነበር። ረሂማ አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ ነው። ግድግዳውን ተደግፋ ያጠለቀችውን ጫማ አወለቀች፤ ከሌላው ጋር አስተካክላ ከበሩ ጥግ አስቀመጠችውና ተመልሳ ገባች። ከኋላዋ ያለችውም ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ሌላዋ።

ሂንድ ከመጋረጃው ተመልሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠችና ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ እግሯን ሰበሰበችላቸው።